ቀማሿ ወድሓና የከዳት ወተት

ወድሓ ወተት ቀምሳ በጊቱ የት እንደዋለች ትናገራለች። ቀልድ እንዳይመስላችሁ! አንድ ጉንጭ ትጎነጫለች፣ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች፣ ምላሷን ላንቃዋ ላይ አንዴ ሁለቴ ታሻሻለች፣ ከዚያ፣ "ይቺ በግ ዛሬ ከሸለቆው አልወጣችም፤ እረኛችሁ ተኝቶ ነው የዋለው" ትላለች። እረኛው ይጠራል። ይምላል፣ ይገዘታል፣ በመጨረሻ ራሱን እያከከ፣ "እሱማ ትንሽ አሸልቦኝ ነበር" ይላል።

ለዚህ ነው ከከረክ ከተማ በስተምሥራቅ፣ በረሃው አፍ ላይ ያለው ሰው ሁሉ "ቀማሿ" የሚላት።

ነገሩ የጀመረው ገና በዘጠኝ ዓመቷ ነው። የአባቷ አራት በጎች ጠፍተው በሦስተኛው ቀን ሦስቱ ብቻቸውን እየተንጠባጠቡ መጡ። እናቷ አለበቻቸው፣ ወድሓ ቀመሰችና፣ "ሽንኩርት በልተዋል" አለች። አባቷ ሳቀባት። "አንቺ ልጅ፣ በዚህ በረሃ ሽንኩርት ከየት መጣ?" ትንሽ ቆየና ሳቁን አቆመ። በዚያ አገር ሽንኩርት የተከለ ሰው አንድ ብቻ ነበራ፣ ከመኪናው መንገድ ማዶ! አህያውን ጭኖ ሄደ፤ አራተኛዋን በግ እዚያው ግቢ ውስጥ ታስራ አገኛት። ከዚያን ቀን ወዲህ አባትየው ወድሓ ሳትቀምስ ወተት ወደ አፉ አላስጠጋም።

አሁን ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። ከልጇ ከሚሽዓልና ከሚስቱ ከዓልያ ጋር ትኖራለች፤ ሁለት ክፍል የብሎኬት ቤት አላቸው፣ አጠገቡ ግን ድንኳኑ አሁንም ተተክሏል። ወተት ብሎኬት ቤት ውስጥ ካደረ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይላል ነው የምትለው፤ ማንም አይከራከራትም።

ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። ግን በግ የበላችው ነገር እንዴት ወተቷ ውስጥ እንደሚገባ እሷን የሚያህል የሚያስረዳ የለም። "ሽታ ስብ ይወዳል" ትላለች። "ውሃው ላይ አይቆይልሽም፤ ስቡን ፈልጎ እዚያ ይደበቃል። ለዚህ ነው ቅቤው ቀድሞ አፍ የሚያወጣው።" ደግሞ፣ "ሽንኩርት የበላች በግ ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላት ጡቷ ላይ ታገኚዋለሽ። ታልባ ከጨረሰች በኋላ ከበላች ግን እስከ ማግስቱ በትንፋሿም በሽንቷም ወጥቶ ያልቃል።" ስለዚህ የወድሓ መንጋ እንደ ቢሮ ሠራተኛ ሰዓት አለው፤ ሽታው ኃይለኛ የሆነ ቅጠል ከእለባ በኋላ፣ ለስላሳው ሣር ከእለባ በፊት። ሺሕን ብቻ ነው የምትለቅላቸው። ሺሕ ያው አሪቲ የሚመስለው ግራጫ ቅጠል ነው፤ በጸደይ ለጋውን በልኩ ከበሉት ወተቱ ላይ ሽቶ ያርከፈከፉበት ነው የሚመስለው፤ ከመጠን ካለፈ ደግሞ ይመራል። ልኩን የምታውቀው ወድሓ ናት።

ጀሚዷ ታዲያ! በጎቹ ራስ ለራስ ተቆላልፈው በአንድ ገመድ ይታሰራሉ፣ እሷ ከኋላ እየዞረች ታልባለች። ወተቱ ይረጋል፣ ከሦስት እንጨት ላይ በተንጠለጠለ የፍየል ቆዳ ስልቻ ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል። አሬራውን እሳት ላይ ለብ አድርጋ ሲቆራረጥ በሻሽ ከረጢት ታጠልለዋለች፣ ጨው አሽታ የሕፃን ጡጫ የሚያህል ድቡልቡል ትሠራለች፣ ድንኳኑ ጣሪያ ላይ ለፀሐይና ለነፋስ ትሰጠዋለች። ድንጋይ ይሆናል፤ ጀሚድ ማለት ይሄ ነው። ድንጋዩ በውሃ ተፈትቶ የበግ ሥጋ ሲቀቀልበት መንሰፍ የሚባለው ነው። ቅቤው ስንትና ስንት ጊዜ ተንጦ ቢወጣ፣ ትንሽ ስብ ድቡልቡሉ ውስጥ ይቀራል፣ የሜዳው ሽታም አብሮት። የወድሓን ጀሚድ የቀመሰ ሰው ሌላውን ኖራ ነው የሚለው።

በዚያ ጸደይ ትልቅ ድግስ ይጠበቅ ነበር። ዓዋድና ጠራድ የሚባሉ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከነቤተሰባቸው፣ በምሥራቁ ጉብታ ግጦሽ ሰባት ዓመት ተጣልተው ነበር። "የኔ አያት ነው የጋጠው" "የለም የኔ!" ሲሉ ዱላ ተማዘዙ፣ ሰው ተፈነከተ። የአገሩ አስታራቂ ሐጅ ፈላሕ ተነሡና፣ "እስክትታረቁ የማናችሁም ኮቴ አይረግጠውም" ብለው ጉብታውን ዘጉት። ሰባት ዓመት ሙሉ ሺሑ ለራሱ በቀለ፣ ለራሱ ደረቀ። አሁን በስንት ልመና እሺ ብለዋል። ሁለቱ ቤቶች ከአንድ ትሪ በልተው ይታረቃሉ፣ የትሪው ጀሚድ ደግሞ ከወድሓ ቤት እንዲመጣ ተወስኗል። በዚያ አገር ይሄ ክብር ነው፤ ከእናቷም ከአያቷም ይሄን ያየ የለም። ግን ልማዱ ጥብቅ ነው፤ የእርቅ ጀሚድ አስቀድሞ በሽማግሌ ፊት ይቀመሳል። ምግቡ ከተጠረጠረ እርቁም ይጠረጠራላ።

ለድግሱ አሥራ ስድስት ቀን ሲቀረው ወድሓ አዲሱን ጀሚድ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ሐጅ ፈላሕ ድንኳን ገባች። አንዷን ድቡልቡል በሞቀ ውሃ ፈቱ። ሐጅ ፈላሕ "ቢስሚላህ" ብለው በእንጨት ማንኪያ ቀመሱ። እንደገና ቀመሱ።

"ኡም ሚሽዓል፣" አሉ ቀስ ብለው፣ እንደ አገሩ ወግ የሚሽዓል እናት ብለው እየጠሯት፣ "ይሄ ነገር ይጣፍጣል።"

"ይጣፍጣላ ሐጅ! ምን ሊሆን ኖሯል?"

"አይ፣ እንደሱ ማለቴ አይደለም። ስኳር የተቃጠለበት ድስት ነገር ይለኛል።"

ለቅምሻው ከተሰበሰቡት ሴቶች መሀል ሙዝና ተነሣች። ሙዝናም ጀሚድ ትሠራለች፣ ጎበዝ ናት፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሁለተኛ ናት። ሃያ ዓመት ሁለተኛ መሆን ሰውን ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ማንኪያውን ተቀብላ ቀመሰችና ዓይኗ በራ።

"ይሄማ የዱቄት ወተት ነው! የቆርቆሮው!"

"አፍሽን ታጠቢ ሙዝና!" አለች ወድሓ።

"የኔ አፍ ንጹሕ ነው፤ አንቺ አሬራሽን እጠቢ! ባለፈው ሳምንት ውሃ ጉድጓዱ ጋ ምን ነበር ያልሽው? 'በጎቼ ዘንድሮ በቀን አንድ ባልዲ ጨመሩልኝ' አላልሽም? ዝናብ ባጠረበት ዓመት የማን በግ ነው ወተት የሚጨምረው? የጨመረው ቆርቆሮው ነው!"

ድንኳኑ ተንሾካሾከ። ወድሓ ማንኪያውን ነጥቃ ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች። ምላሷን ላንቃዋ ላይ አሻሸች። ምንም የለም! ጨው፣ ኮምጣጣ፣ በቃ። አርባ አምስት ዓመት ያልከዳት ምላስ ዝም አለ። ሰው ፊት ባትሆን ኖሮ እሪ ትል ነበር።

ሐጅ ፈላሕ በትራቸውን መሬት ላይ ነካ ነካ አደረጉ። "እኔ አጭበረብረሻል አላልኩም። ግን ይሄ እርቅ ነው ልጄ። እንዲህ ያለ ነገር ድስት ውስጥ አላስገባም። ጊዜ አለ፤ ነገሩን አጥሪ። ካልጠራ የሙዝና ጀሚድ ይገባል።"

"የኔማ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል" አለች ሙዝና፣ ሻሿን እያስተካከለች።

ወድሓ ቤት የደረሰችው እየነደደች ነው። መጀመሪያ ሚሽዓል ላይ ወረደችበት። የት አሰማራህ? ምን አበላህ? የማን ማሳ ገባህ? ሚሽዓል በአራስ ልጁ ማለ። "ያው የሁልጊዜው ሜዳ ነው እማ፣ ወላሂ! ጠዋት ገብሳቸውን በልተው፣ ታልበው፣ ከዚያ ወደ ሺሑ። አንቺ እንዳልሽው ነው!" ዓልያ ሕፃኗን ታቅፋ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አቀርቅራ የልጅቷን መጠቅለያ ታስተካክል ጀመር።

ዓልያ ከወለደች ሃያ አምስት ቀኗ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ናት፣ ወስሚያ ትባላለች። አራስ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ በዚያ አገር አብሽ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ወተት ያወርዳል ተብሎ። አርባ ቤት አርባ ከረጢት አብሽ! ጠዋት አብሽ ይፈላል፣ ማታ አብሽ ይፈላል፣ ብርድ ልብሱ አብሽ፣ ግድግዳው አብሽ ይሸታል። ልማድ ነውና ለአራሷ ብቻ አይሰጥም፤ አማትም አብራ አንድ ኩባያ ትጠጣለች። ወድሓ ሃያ አምስት ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ኩባያዋን ጨልጣ ነው ወደ እለባ የሄደችው።

በማግስቱ፣ "ምላሴ ታሟል፣ ላሳርፈው" አለችና ማዶ ካለችው እህቷ ቤት ሄደች። እህቷ በር ላይ አቅፋ ስማ፣ አፍንጫዋን ሸበሸበች።

"ምነው ወድሓ፣ አንቺ ነሽ እንዴ የወለድሽው?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ከጉድጓዱ ጀምሮ ትሸቺያለሽ! አብሽ አብሽ! ጎረቤት እንኳን ደስ ያለሽ ሊልሽ ይመጣል።"

እህቷ እየሳቀች ገባች። ወድሓ ግን በሩ ላይ ቀረች። የሆነ ነገር ጆሮዋ ጋ እንደ ዝንብ ጢዝ አለባት፤ ልትይዘው ስትል አመለጣት። ሁለት ቀን እዚያ ቤት ከደረቅ ቂጣና ከውሃ በቀር አልቀመሰችም። ልብሷንም ሰውነቷንም ታጠበች። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ሚሽዓል በጎቹን ራስ ለራስ አስሮ ሊያልብ ነበር።

"ቆይ!" አለችው። ከፊተኛዋ በግ ጡት ሁለት ጠብታ መዳፏ ላይ ጨመቀች፣ ቀመሰች።

አብሽ! እንደ ከበሮ መታት። ሁለተኛዋን ቀመሰች፣ አብሽ። ሦስተኛዋን፣ አብሽ። ስቡ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ለስልሶ፣ የተቃጠለ ስኳር መስሎ። አፏ አብሽ ሞልቶ አብሽን እንዴት ትለየው ኖሯል? ዓሣ ውሃ ጠማኝ አይል! በሃምሳ አራት ዓመቷ እንዲህ ያለ የሞኝ ስህተት!

ግን አብሹ በጎቹ ጋ እንዴት ሄደ? ቀጥ ብላ ወደ ቤት ገባች። ወስሚያን ከአልጋዋ አነሣቻትና አፍንጫዋን አናቷ ላይ ቀበረች፣ ከዚያ አንገቷ ሥር፣ ከዚያ ጨርቋ ላይ። ወድሓ ሦስት ልጅ ወልዳለች፤ ሦስቱም በአራስነታቸው ላባቸውም ሽንታቸውም አብሽ አብሽ ይል ነበር። እናት የጠጣችው ነገር ጡቷ ውስጥ ይገባል፤ ሴትም በግም ያው ነው። ይቺ ልጅ ግን ወተትና እንቅልፍ ብቻ ትሸታለች።

በጎቹ አብሽ ይሸታሉ። ሕፃኗ አትሸትም። በቃ፣ ገባት!

"ዓልያ።"

"አቤት አክስቴ።" የአገሩ ምራት አማቷን እንዲህ ነው የምትጠራው።

"ከወለድሽ ስንት ኩባያ አብሽ ጠጣሽ?"

"የሰጠሽኝን ኩባያ ሁሉ ባዶ አድርጌ ነው የመለስኩት።"

"ኩባያው ባዶ መሆኑንማ አይቻለሁ። ሆድሽ ውስጥ ገባ ወይ ነው የምልሽ።"

ዓልያ ፊቷ ቲማቲም መሰለ፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "ያስመልሰኛል አክስቴ! ገና ሲሸተኝ! እንዳልናገር የሰው ስጦታ ነው፣ እንዳልደፋው የእህል ነገር መሬት አይደፋም፣ ነውር ነው። አንቺ ቂጣ ስትጋግሪ እኔ ሹልክ ብዬ... ከበጎቹ ገብስ ጋር... የተፈላውንም፣ ጥሬውንም... ሲበሉት ደስ ሲላቸው ሳይ..."

"ከመታለባቸው በፊት?"

"አዎ። በየቀኑ።"

ወድሓ አፍጥጣ አየቻት። ዓልያ ዓይኗን ጨፍና ስድቡን ጠበቀች። የመጣው ግን ሳቅ ነው። ወድሓ ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ፣ ሕፃኗን እንዳቀፈች፣ እስኪያነባት ሳቀች።

"ለካ ወተቱ የጨመረው ለዚህ ነው! እኔ ጉድጓድ ለጉድጓድ ስጎርር፣ አንቺ መንጋውን በሙሉ አራስ አድርገሽልኛል!"

ዓልያም እያለቀሰች ሳቀች። ወድሓ ግን ወዲያው ኮስተር አለች። "ስሚ። ይሄን ማንም አይሰማም። የአርባ ቤት ስጦታ ለበግ አበላች ከተባልሽ፣ ወስሚያ አያት እስክትሆን ይወራብሻል። ለሚሽዓልም እንዳትነግሪ፣ እሱ ሚስጥር አይችልም፤ ከአባቱ ነው የወረሰው። አብሹን ደግሞ ተይው። ጡት የሚያወርደው እሱ ብቻ አይደለም፤ እንስላል አፈላልሻለሁ።"

በጎቹ አብሽ ካልበሉ በአንድ ሁለት እለባ ወተቱ ይጠራል፤ ይሄ ለሷ ቀላል ነው። ከባዱ ሌላ ነው። እውነቱን ሳትናገር ስሟን እንዴት ታጥራ? የጠራ ጀሚድ ብታመጣ፣ "ዱቄቱን ተወችዋ!" ነው የምትለው ሙዝና።

ወድሓ አሰበች፣ አሰበች፣ ነጭ ሻሿን አስራ ሐጅ ፈላሕ ፊት ቆመች።

"ሐጅ፣ ጀሚዴ ውስጥ በግ ካልሰጠችኝ በቀር ምንም አልገባም። ላስረዳ ብል ወሬ ነው የሚሆነው። ምላሴን ይፈትኑት።"

"እንዴት አድርጌ?"

"ሙዝና ከራሷ መንጋ ሦስት በግ ትምረጥ። በራሷ በረት፣ በራሷ እጅ፣ የፈለገችውን ታብላቸው። እኔ እርስዎ ቤት ከሴቶቹ ጋር ልቀመጥ፣ የትም አልወጣም። ነገ ከሰዓት ሦስት ሳህን ወተት ይምጣ። አንዱን ከሳትኩ ጀሚዴን ለውሾች እሰጣለሁ፤ ከእንግዲህም ስልቻ አልነካም።"

ሽማግሌው ጢማቸውን ዳሰሱ። "ብታውቂስ?"

"ባውቅ፣ በጎቼን ምሥራቁ ጉብታ ላይ ያሰማሩልኝ። እስከ ድግሱ።"

ሰባት ዓመት የተዘጋ ጉብታ! ሐጅ ፈላሕ ለዓዋድም ለጠራድም ላኩባቸው። ሁለቱም እሺ አሉ። ለምን መሰላችሁ? እያንዳንዳቸው፣ "ያኛው እሺ ካለ እኔ እምቢ ብዬ ክፉ ልባል?" ብለው ነው።

በማግስቱ ድንኳኑ ጢም አለ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በመጋረጃው ወገን፣ መጋረጃው ግን ለዚያን ቀን ግማሽ ድረስ ተገልጧል፤ ማን ይሄን ሳያይ ይቅር? ዓልያም ሕፃኗን አቅፋ ከኋላ ተቀምጣለች። ሙዝና ሦስት ሳህን በሦስት ጨርቅ ሸፍና ገባች፤ ፊቷ ላይ ፈገግታ አለ፣ ያ ፈገግታ ለወድሓ አላማራትም።

የመጀመሪያው ሳህን። ወድሓ ገና ከንፈሯን ስታስነካው አጉረመረመች።

"ይሄን ለወስሚያ ስጧት፣ እሷም ታውቀዋለች። የዱር ሽንኩርት ነው። ከበላች አንድ ሰዓት ሳይሞላት ነው ያለብሻት። ምስኪን በግ፣ አፏ ከሳምንት በፊት አይጠራም።"

ሰው ሳቀ። ሙዝና፣ "እውነት ነው" አለች፣ ምንም ሳይመስላት።

ሁለተኛው። እዚህ ላይ ወድሓ ቆየች። አንድ ጉንጭ፣ ሁለት ጉንጭ።

"ምንም የለውም፣ ልትይ ነው አይደል?" አለች ሙዝና።

"ቸኩለሽ ምን አለብሽ? ሺሕ ነው። ግን ዛሬ የበላችው አይደለም፤ ትናንት ከእለባ በኋላ ነው። ሊጠፋ ጫፉ ነው የቀረው፤ ቆይቼ ነው ያገኘሁት። ጎሽ ሙዝና፣ ይቺን በደንብ አስበሽባታል።"

ሙዝና ፈገግታዋ ትንሽ ደብዘዝ አለ። "እሺ፣ ሦስተኛው ይኸው።"

ሦስተኛው ሳህን ጨርቁ ሲነሣ የጦስኝ ሽታ ድንኳኑን ሞላው። ከወንዶቹ ወገን፣ "ጦስኝ!" አለ አንዱ። "ይሄንማ እኔም አውቀዋለሁ!" ሌላው ተቀበለው። ወድሓ ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች። ምላሷን አሻሸች። እንደገና ቀመሰች። ሳህኑን አስቀመጠችና እጇን አጣጠፈች።

"ይቺ በግ ምንም አልበላችም።"

ጉርምርምታ ተነሣ። "እንዴት አልበላችም? እስከዚህ ይሸታል እኮ!" አሉ ሐጅ ፈላሕ።

"ሳህኑ ነው የሚሸተው ሐጅ፣ በጓ አይደለችም። በግ የበላችው ነገር በደሟ ዞሮ፣ ስቡ ውስጥ ገብቶ፣ ለስልሶ ነው የሚመጣው፤ ሲዋጥ ነው ከኋላ የሚነሣው። ይሄ ከላይ ተንሳፍፏል። አፍንጫን ይመታል፣ ጉሮሮ ሲደርስ ባዶ ነው። ይሄ ጦስኝ በበግ ሆድ አላለፈም፤ በሰው እጅ ነው የገባው።"

ሁሉም ወደ ሙዝና ዞረ። ሐጅ ፈላሕ በትራቸውን አነሡ። "ሙዝና፣ ማይ።"

ሙዝና ሁለት እጇን ወደ ላይ ወርውራ ድንኳኑ እስኪነቃነቅ ሳቀች። "ወላሂ በጣቴ ነው ያማሰልኩት! በዚህ በጣቴ! ኤዲያ፣ አንቺ ሴት ሰው አይደለሽም!" ጣቷን አሸተተችና፣ "አሁንም ይሸታል!" አለች።

እልልታው ቀለጠ። ወንዶቹ ያጨበጭባሉ፣ ሴቶቹ ወድሓን ያቅፋሉ፣ እህቷ፣ "የኔ እህት ናት! የኔ!" እያለች ለማያውቃት ሁሉ ታስተዋውቃለች። ሐጅ ፈላሕ ግን ገና አልጨረሱም።

"ቆይ፣ ኡም ሚሽዓል። ምላስሽ ይሄን ያህል ከሆነ፣ ያ የመጀመሪያው ጀሚድ ውስጥ የነበረው ምንድን ነው?"

ዓልያ ሕፃኗን ጥብቅ አደረገቻት።

"አብሽ ነው" አለች ወድሓ።

"አብሽ? በግ አብሽ ምን አደረገላት?"

"እንዴ ሐጅ! የኛ ዓልያ ስትወልድ አርባ ቤት አብሽ ይዞ ጠየቃት፣ እግዜር ይስጣችሁ። በጎቼም በዚያው ወር ነው የወለዱት። እነሱን ማን ጠየቃቸው? አንድ ሰው እንኳን እንኳን ማርያም... " ብላ ቆም አለችና ምላሷን ነከሰች፤ ከረክ ገበያ የምታውቃቸው ክርስቲያን ሴቶች አባባል ነበር ያመለጣት። ሰው ፈነዳ። "አንድ ሰው እንኳን ደስ አላችሁ አላላቸውም! እኛ ቤት ግን አራስ አይለይም፤ ከተረፈን አካፈልናቸው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔም አብሬ ስጠጣ ሰንብቼ ምላሴ ሰክሮ ነበር።"

ሐጅ ፈላሕ እየሳቁ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። ከኋላ ዓልያ ትንፋሿን ለቀቀች።

"ድስቱ የወድሓ ነው" አሉ ሽማግሌው። "ጉብታውም ተከፍቷል።"

በማግስቱ ሚሽዓል መንጋውን ይዞ ምሥራቁ ጉብታ ወጣ። ወድሓም አልቀረችም፤ በእግሯ ከፊት ከፊት። ሺሑ ጉልበት ይደርሳል! ሰባት ዓመት ያልተነካ፣ ለጋ፣ ጠል የነካው። በጎቹ አብደው ገቡበት። ወድሓ ግን ሰዓቷን አልረሳችም። "በቃ! ይበቃቸዋል፣ ወደ ሣሩ መልስ!" ትላለች፣ ሚሽዓል ይመልሳል፤ "አሁን ጥቂት ልቀቅ!" ይለቃል። የመጀመሪያውን ቀን ወተት ለጠቦቶቹ ተወችው፣ የአብሹ ትራፊ እንዲያልቅ። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ስልቻው አላረፈም። ዓልያ ትንጣለች፣ እህቷ ታጠልላለች፣ ምን ይመስላችኋል፣ በሦስተኛው ቀን ሙዝናም እጅጌዋን ሰብስባ መጣች። "ልሰልል ነው የመጣሁት" አለች በግልጽ። "ስትሰልዪ ጨውም እሺልኝ" አለቻት ወድሓ። ቶሎ እንዲደርቅ ድቡልቡሉን ትንሽ ትንሽ አደረጉት። ነፋሱም አገዛቸው።

የእርቁ ዕለት አሥራ ስምንት በግ ታረደ። ወድሓ ትልቁ ድስት ላይ ቆማ ጀሚዱን ራሷ አማሰለች፣ እንዳይቆራረጥ ወደ አንድ ወገን ብቻ፣ እጇ እስኪዝል። ስስ ቂጣው ትሪ ላይ ተነጠፈ፣ ሩዙ ተከመረ፣ ሥጋው ተደረደረ፣ ነጩ መረቅ ከላይ ፈሰሰ። ዓዋድና ጠራድ በአንድ ትሪ ፊት ለፊት ቆሙ፤ እንደ አገሩ ወግ ግራ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ። ሰው ሁሉ እነሱን ነው የሚያየው።

ዓዋድ ሩዙን በመዳፉ አድቦልቡሎ ጎረሰ። ማኘኩን አቆመ። ጠራድም ጎረሰ። እሱም አቆመ። አንድ ነገር ጉሮሯቸው ጋ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ የጸደይ ማለዳ፣ ጠል፣ ሺሕ። ዓዋድ ቀና አለና ሰባት ዓመት ያላየውን ፊት አየ።

"ይሄ..." አለ።

"የጉብታው ነው" አለ ጠራድ። "ከትልቁ ድንጋይ ሥር ያለው።"

"ከድንጋዩ ሥር ነው እንጂ! አንተና እኔ ልጅ ሆነን..."

"ፍየሏ ያመለጠችን ጊዜ!"

"ያመለጠችው አንተ ተኝተህ ነው!"

"እኔ? አንተ ነህ እንጂ የተኛኸው!" ድንኳኑ ደነገጠ፣ አሁን ነገር ሊነሣ ነው ብሎ። ጠራድ ግን ከትሪው መሀል ምርጡን ሥጋ ቆርጦ በእጁ ዓዋድ ፊት አደረገለት። "ብላ፣ አንተ እንቅልፋም።" ዓዋድ ከት ብሎ ሳቀ፣ አፉ ሙሉ ሆኖ። በዚህ ተጀመረ፤ ድንኳኑ በሙሉ በአንዴ ማውራት ያዘ፣ ሐጅ ፈላሕ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ፣ የሴቶቹ እልልታ ጉድጓዱ ድረስ ተሰማ።

በመጋረጃው ወገን ዓልያ የሞላ ሳህን ለወድሓ አቀረበችላት። ሁሉም ዞሮ ያያታል። ወድሓ ጎረሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ምላሷን አሻሸች።

"ምን ይላል አክስቴ?"

"ጨው አንሶታል" አለች ወድሓ።

"ጨው ያደረኩት እኮ እኔ ነኝ!" ብላ ሙዝና ጮኸች።

"ለዚያ ነዋ።"

ሴቶቹ ሲስቁ ወድሓ ሳህኗን አስቀምጣ ወስሚያን ከእናቷ ተቀበለቻት፣ አፍንጫዋንም እንደ ልማዷ አናቷ ላይ ቀበረች። እንስላል፣ ጥርት ያለ እንስላል። ለዓልያ ጠቀሰቻትና የቀረውን ሩዝ ጨርሳ በላች።